ወደ አይፒቪ6 ሽግግር፦ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ወይስ አይፒቪ4ን ከተጠቃሚው ላይ ማንሳት?

መረብ_ጠባቂ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ወደ 400 መሣሪያዎች በ12 ቪላን (ለየብቻ የተከለሉ ንዑስ ኔትወርኮች) የተከፋፈሉበት ኔትወርክ ነው፤ ከአሮጌው የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት ከአይፒቪ4 ወደ አዲሱ አይፒቪ6 እየተሻገርን ነው። የውጭ መስመሩ ፒፒፒኦኢ (በየፓኬቱ ላይ የራሱን ራስጌ የሚጨምር የግንኙነት ዓይነት) ሲሆን አቅራቢው ከአንድ የአይፒቪ4 አድራሻ ጋር /56 የአይፒቪ6 ፕሪፊክስ (የመጀመሪያዎቹ 56 ቢቶች የተወሰኑ የአድራሻ ክልል) ሰጥቷል። በመስመሩ ራውተርና በኮር ስዊቹ መካከል ፋየርዎል ተቀምጧል። ለሙከራ ቪላን 40 ላይ ብቻ አይፒቪ6ን ከአይፒቪ4 ጎን ከፍተን የታየው ይህ ነው።

አንዳንድ ድረ ገጽ ወዲያው ይከፈታል፣ ሌላው ይጀምርና ይንጠለጠላል። ትልቅ ፋይል ወደ ውጭ መጫን ጨርሶ አይሆንም። ፒንግ ግን ያለ ችግር ይመላለሳል። ዊንዶውሶቹ ከዲኤችሲፒቪ6 (አድራሻ የሚያድለው አገልግሎት) አድራሻ ይወስዳሉ፤ አንድሮይድ ስልኮች ምንም አያገኙም። ደግሞ አንዳንድ ኮምፒውተር ከአራት ደቂቃ በላይ ሥራ ፈትቶ ከቆየ በአይፒቪ6 መልስ አይመጣለትም፤ ገመዱ ተነቅሎ ሲሰካ ይመለሳል።

ከዚህ በተጨማሪ ፕሪንተሮቹ፣ የበር መቆጣጠሪያዎቹና አንድ የቆየ የሂሳብ ሶፍትዌር ከአይፒቪ4 ሌላ አያውቁም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። እነዚህ ብልሽቶች ከምን ይመጣሉ? ሁለተኛ፣ ዱዋል ስታክን (ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድን) በ12ቱም ቪላን ዘርግተን ለዓመታት እንኑርበት ወይስ ናት64 የሚባለውን ከአይፒቪ6 ወደ አይፒቪ4 አስተርጓሚ ተክለን አይፒቪ4ን ከተጠቃሚው ክፍል እናውጣ?

ፓኬት_ቆጣሪ፦

ሁለተኛውን ጥያቄ ለሌሎች ልተውና ብልሽቶቹን ልያዝ። ሦስት ናቸው፣ ሦስቱም መንስኤያቸው ለየብቻ ነው።

የሚንጠለጠለው የኤምቲዩ፣ ማለትም መስመሩ የሚያሳልፈው የፓኬት ትልቁ መጠን፣ ጉዳይ ነው። ፒፒፒኦኢ ከ1500 ባይት ላይ 8 ይወስዳል፤ የሚተርፈው 1492 ነው። በአይፒቪ4 መንገድ ላይ ያለ ራውተር፣ ላኪው ካልከለከለው በቀር፣ የበዛበትን ፓኬት ቆራርጦ ያሳልፋል። በአይፒቪ6 ራውተር አይቆርጥም። ፓኬቱን ጥሎ ለላኪው የአይሲኤምፒቪ6 (የኔትወርክ ስህተት ማሳወቂያ ፕሮቶኮል) ዓይነት 2 መልእክት ይመልሳል፤ ትርጉሙ «በዝቶብኛል፣ ከ1492 አታስበልጥ» ነው። ይህ መልእክት ከታገደ ላኪው ያንኑ ትልቅ ፓኬት እየደጋገመ ይልካል፣ ራውተሩም እየደጋገመ ይጥላል።

ፒንግ የሚሄደው ተራ ፒንግ ከመቶ ምናምን ባይት ስለማይበልጥ ነው። የቲሲፒ ግንኙነት የሚከፈትባቸው ሦስቱ ፓኬቶችም ትንንሽ ናቸው፤ እነሱ ያልፋሉ። ብሮውዘር አይፒቪ6 እምቢ ሲለው ወደ አይፒቪ4 የሚዞረው ግንኙነቱ ካልተከፈተ ነው። እዚህ ተከፍቷል። ስለዚህ አይዞርም፣ ቁጭ ብሎ የማይመጣ ፓኬት ይጠብቃል።

አቅጣጫውን ለይተህ እይ። ገጽ ሲወርድ ትልልቁን ፓኬት የሚልከው የሩቁ ሰርቨር ነው፤ ዓይነት 2ን የሚያግደውም ምናልባት የእነሱ ፋየርዎል ስለሆነ አንተ ልትከፍተው አትችልም። ፋይል ሲጫን ግን ላኪው የአንተው ኮምፒውተር ነው፤ መልእክቱን የሚያዘጋጀው የአንተው ራውተር ነው፤ በመካከላቸው ያለው ደግሞ የአንተው ፋየርዎል ነው። መጫን ጨርሶ እምቢ ካለ ጥፋቱ እቤት ውስጥ ነው።

ለማረጋገጥ ቪላን 40 ላይ ካለ የሊኑክስ ኮምፒውተር፣ ላኪው ራሱ እንዳይቆራርጥ የሚያዘውን አማራጭ ጨምረህ፣ ውጭ ወዳለ የአይፒቪ6 አድራሻ በ1444 ባይት ዳታ ፒንግ አድርግ። 1444 ሲደመር 8 የአይሲኤምፒ ራስጌ ሲደመር 40 የአይፒቪ6 ራስጌ፣ በልኩ 1492 ነው። ከዚያ 1445 ሞክር። ጤነኛ ኔትወርክ ላይ «ፓኬቱ ትልቅ ነው፣ ኤምቲዩ 1492» የሚል መልስ ከራውተሩ ይመጣል። ዝምታ ከሆነ የታገደው እሱ ነው።

መፍትሔው ሦስት ቦታ ነው። ፋየርዎሉ ላይ የአይሲኤምፒቪ6 ዓይነት 1፣ 2፣ 3 እና 4ን በሁለቱም አቅጣጫ አሳልፍ። አይፒቪ4 ላይ «አይሲኤምፒን ዝጋ» የሚለው ልማድ ጉዳቱ ቶሎ አይታይም ነበር፤ እዚህ ግን ፕሮቶኮሉን ይሰብረዋል። ቀጥሎ የቪላኑ ጌትዌይ (መውጫ ራውተሩ) ለመሣሪያዎቹ በሚልከው ማስታወቂያ፣ በራውተር አድቨርታይዝመንት፣ ውስጥ ኤምቲዩ 1492 ብለህ ጻፍ፤ ኮምፒውተሮቹ ራሳቸው ልካቸውን ያውቃሉ። ሦስተኛ፣ የራውተሩን የኤምኤስኤስ (በአንድ የቲሲፒ ፓኬት የሚጫነው ትልቁ ዳታ) ማስተካከያ ተመልከት። ለአይፒቪ4 ብቻ 1452 ተብሎ ተቀምጦ አይፒቪ6 ሳይነካ የቀረበት ብዙ ነው። ለአይፒቪ6 1492 ሲቀነስ 40 የአይፒቪ6 ራስጌ ሲቀነስ 20 የቲሲፒ ራስጌ፣ ማለትም 1432 ነው። የሩቁ ሰርቨር ትልቅ ፓኬት እንዳይልክ የሚያደርገው ይህ ነው።

የአንድሮይዱ አጭር ነው። አንድሮይድ አድራሻውን በዲኤችሲፒቪ6 አይጠይቅም፤ የሚሠራው በስላክ ነው፣ አድራሻውን ራሱ ይመሠርታል። ጌትዌይህ ፕሪፊክሱን ሲያስተዋውቅ «ኤ» የሚባለው ምልክት («አድራሻህን ራስህ መሥርት» የሚለው) ጠፍቷል ማለት ነው። አብራው። ፕሪፊክሱ የግድ /64 ይሁን፤ /120 ምናምን ብለህ «ለመቆጠብ» ከሞከርክ ስላክ አይሠራም። የዲኤንኤስ አድራሻውንም በዚያው ማስታወቂያ ውስጥ ጨምረው፤ አለበለዚያ ስልኩ አድራሻ ይኖረውና ስም መፍታት ያቅተዋል። አንድ ነገር አስብበት፦ ከዚህ በኋላ «በዚህ ሰዓት ይህ አድራሻ የማን ነበር» ለሚለው የዲኤችሲፒ ሎግ አይበቃም። መሣሪያዎቹ ጊዜያዊ አድራሻ በየቀኑ ስለሚቀያይሩ የጌትዌዩን የጎረቤት ሠንጠረዥ በየጥቂት ደቂቃው እየቀዳህ ማስቀመጥ ይኖርብሃል።

የአራት ደቂቃው ነገር ስዊቹ ነው፤ እርግጠኛ ነኝ ለማለት እደፍራለሁ። አይፒቪ6 ኤአርፒ (አይፒቪ4 ጎረቤት መሣሪያን የሚፈልግበት ዘዴ) የለውም፤ «ይህ አድራሻ ያለው ማነው» ብሎ የሚጠይቀው በመልቲካስት (ለአንድ ቡድን በሚላክ መልእክት) ነው። ስዊቹ ላይ ኤምኤልዲ ስኑፒንግ (የቡድን መልእክትን ለተመዘገቡ ፖርቶች ብቻ የሚያደርሰው) ተከፍቶ ጠያቂ፣ ማለትም ኩዌሪየር፣ ከሌለ የሚሆነው እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ ሲሰካ «እኔ በዚህ የመልቲካስት ቡድን አለሁ» ይላል፣ ስዊቹ ይመዘግበዋል። በየ125 ሰከንዱ «አሁንም አላችሁ?» የሚል ስለሌለ ኮምፒውተሩ ድጋሚ አይናገርም። 260 ሰከንድ ሲሞላ መዝገቡ ይሰረዛል፤ ከዚያ በኋላ የጌትዌዩ ጥያቄ ወደዚያ ፖርት አይደርስም። ሥራ ላይ ያለው ኮምፒውተር የማይጎዳው ጌትዌዩ የሚያውቀውን ጎረቤት ዳግም ሲያረጋግጥ በቀጥታ ወደ አድራሻው ስለሚልክ ነው፤ ዝም ብሎ የቆየው ብቻ ይጠፋል። ኮር ስዊቹን በቪላኑ ላይ የኤምኤልዲ ኩዌሪየር አድርገው። ካልቻለ ስኑፒንጉን አጥፋ፤ ለ400 መሣሪያ የሚጨምረው ትራፊክ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ናት_ይበቃል፦

ይሄ ሁሉ ራስ ምታት ምን ሊረባ ነው? 400 መሣሪያ በ10.0.0.0/8 ውስጥ ከነልጅ ልጁ ይገባል። ናት (ብዙ መሣሪያ በአንድ አድራሻ ወደ ውጭ የሚያወጣው) ሲሠራ የኖረ ነገር ነው። ደረጃውን ያወጡት ሰዎች ከአሮጌው ጋር የሚግባባ አድርገው ቢሠሩት ኖሮ ዛሬ ማንም እዚህ ቁጭ ብሎ 1444 እና 1445 አይቆጥርም ነበር።

ቢት_በቢት፦

ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ሐሳብህ ያከራክራል፤ ሁለተኛው ግን አይሆንም። የአይፒቪ4 ራስጌ ውስጥ ለመድረሻ አድራሻ ያለው ቦታ 32 ቢት ነው። ከዚያ የረዘመ አድራሻ፣ 33 ቢትም ይሁን 128፣ አሮጌው ማሽን ሊጽፈው ቦታ የለውም፤ ከዚያ የመጣ ፓኬት ቢደርሰው እንኳ መልሱን ወዴት እንደሚልክ የሚጽፍበት የለም። መሐል ላይ አስተርጓሚ ማቆም ግድ ነው። ማንም ምንም ቢነድፍ ከዚህ አያመልጥም።

ደግሞ ተፎካካሪ ሳይኖር የመጣ አይደለም። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) በ1992 አካባቢ አድራሻ ሊያልቅ ነው ሲባል ከቀረቡት አንዱ ቱባ ነበር፤ የኦኤስአይን (የቲሲፒ/አይፒ ተፎካካሪ የነበረው የፕሮቶኮል ቤተሰብ) ሲኤልኤንፒ ወስዶ ቲሲፒን በላዩ ማስኬድ። ሲኤልኤንፒ አድራሻው እስከ 20 ባይት የሚደርስ፣ የተጻፈና ራውተሮችም የሚያውቁት ነገር ነበር። ሌሎቹ ካትኒፕ እና ሲፕ ናቸው። በ1994 የተመረጠው ሲፕ ነው፤ አድራሻው ግን ከ64 ወደ 128 ቢት ከፍ ተደርጎ። የአይፒቪ6 የመጀመሪያው የደረጃ ሰነድ (አርኤፍሲ ይባላል) አርኤፍሲ 1883 በዲሴምበር 1995 ወጣ። በዚያው መካከል በ1993 ሲአይዲአር (አድራሻን በልክ የማከፋፈል ዘዴ)፣ በ1994 ናት መጡና ጥድፊያው በረደ። ለሽግግሩ መጓተት ትልቁ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፦ ማስታገሻው ከመድኃኒቱ ቀድሞ ደረሰ። የመጨረሻዎቹ አምስት /8 ብሎኮች ለክልል መዝጋቢዎች የታደሉት ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2011 ነው፤ ናት64 በአርኤፍሲ 6146 የወጣውም በዚያው ዓመት ነው። ከሱ በፊት የነበረው አስተርጓሚ ናት-ፒቲ ዲኤንኤስን እያበላሸ ስላስቸገረ በ2007 ከጥቅም ውጭ ተደርጎ ነበር። እንግዲህ አስተርጓሚው በወጉ የተገኘው አድራሻው ካለቀ በኋላ ነው።

«በአንድ ሌሊት ቢቀየር» የሚልም አይጠፋም። አንድ ጊዜ ሆኗል፤ የኢንተርኔት ቀዳሚ የሆነው አርፓኔት ከቀድሞ ፕሮቶኮሉ ከኤንሲፒ ወደ ቲሲፒ/አይፒ ጃንዋሪ 1 ቀን 1983 ተሻገረ። ኔትወርኩ የአንድ ባለቤት ስለነበር ኤንሲፒን ዘግተው ያልተዘጋጀውን ውጭ ማስቀረት ይቻል ነበር። ዛሬ መዝጊያውን የሚይዝ ማንም የለም።

ከታሪኩ ለመረብ_ጠባቂ የሚተርፍ አንድ ተግባራዊ ነገር አለ። አይኤስ-አይኤስ (ራውተሮች መንገድ የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል) የተሠራው ለሲኤልኤንፒ ነበር፤ ቀጥታ በሁለተኛው ንብርብር ላይ ስለሚሄድና ተጨማሪ መስክ ስለሚቀበል አይፒቪ6ን በራሱ ላይ ጨምሮ ይሸከማል። ሌላው የመንገድ ፕሮቶኮል ኦኤስፒኤፍ ቨርዥን 2 ግን በ32 ቢት አድራሻ ላይ ስለተገነባ አልቻለም፤ ቨርዥን 3 የሚባል አዲስ ፕሮቶኮል አስፈለገ። በኮር ስዊቹና በፋየርዎሉ መካከል ኦኤስፒኤፍ ካለህ፣ አይፒቪ6 ሲከፈት ሁለተኛ ሂደት፣ ሁለተኛ የጎረቤት ዝርዝር፣ ሁለተኛ ክትትል ይመጣል። አንዱ ወድቆ ሌላው ቆሞ ይቀራል፤ ማስጠንቀቂያህ የሚያየው ቨርዥን 2ን ብቻ ከሆነ ማንም አያውቅም። ለ12 ቪላን ከሆነ ቋሚ የእጅ መንገድ ጽፈህ ብትገላገል ይሻላል።

ስለ ናት ደግሞ፦ አቅራቢው ነገ አይፒቪ4ህን ከ100.64.0.0/10 (አቅራቢዎች ለጋራ ናት ከሚጠቀሙበት ክልል) ውስጥ ቢሰጥህ ናትህ በሌላ ናት ሥር ይወድቃል። ያኔ ፖርት የምትከፍተው የማን ራውተር ላይ ነው?

ሁለተኛው_ሆፕ፦

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። ዱዋል ስታክን መድረሻ አታድርገው፤ ማለፊያ ይሁን። የአይፒቪ4 ፍላጎትህን በአንድ አድራሻ አይቀንስም፣ የፋየርዎል ደንቡን ግን እጥፍ ያደርገዋል። ከሁሉ የሚከፋው ብልሽትን መደበቁ ነው። ብሮውዘሮች አይፒቪ6ን ሞክረው በሩብ ሰከንድ ገደማ (250 ሚሊሰከንድ ነው የሚመከረው) መልስ ካጡ አይፒቪ4ን ይጀምራሉ። አይፒቪ6 ለሳምንት ሞቶ ቢቆይ ከ«ዛሬ ኢንተርኔቱ ከበድ ብሏል» በቀር ቅሬታ አትሰማም።

ለተጠቃሚ ቪላኖች የምመክረው ቀስ በቀስ አይፒቪ4ን የሚያስለቅቀውን መንገድ ነው። የዲኤችሲፒ አማራጭ 108 ይባላል፣ አርኤፍሲ 8925 ላይ አለ። አይፒቪ4 አያስፈልገኝም የሚል መሣሪያ የአይፒቪ4 አድራሻ ሲጠይቅ 108ንም አብሮ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩ የሰከንድ ቁጥር ይመልስለታል፤ መሣሪያው ለዚያን ያህል ጊዜ አይፒቪ4ን ይተዋል። 108ን የማያውቀው፣ እንደ ፕሪንተሮችህ ያለው፣ ምንም ሳይሰማው አይፒቪ4ውን ወስዶ ይቀጥላል። አንድ ቪላን፣ ሁለት ዓይነት ነዋሪ፤ ማንንም በስም መለየት አያስፈልግህም።

አንድሮይድ፣ አይፎንና ማክ በውስጣቸው ሲላት የሚባል ተርጓሚ ስላላቸው 192.0.2.33 ተብሎ በቁጥር የተጻፈ አድራሻ የሚጠራ አፕሊኬሽን እንኳ ይሠራላቸዋል። ዊንዶውስ ላይ ሲላት ለረጅም ጊዜ በሞባይል ሲም መስመር ብቻ ተወስኖ የኖረ ነው፤ ስለዚህ ዊንዶውሶቹ ሁለቱን ይዘው እንደሚቆዩ ቆጥረህ ዕቅድህን አውጣ። የናት64ን ፕሪፊክስ ለሲላት የምታሳውቀው በራውተር አድቨርታይዝመንት ነው፣ አርኤፍሲ 8781። ሁሉም መሣሪያ ሲላት ካለው ዲኤንኤስ64ን መተው ይቻላል፤ ዲኤንኤስ64 አይፒቪ4 ብቻ ላለው ስም የሌለ የአይፒቪ6 መልስ ፈጥሮ ስለሚሰጥ ራሱ ዲኤንኤስሴክ (የዲኤንኤስ ፊርማ) የሚያረጋግጥ መሣሪያ «ተጭበረበርኩ» ይላል።

ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ አለ። ለናት64 በደረጃው የተመደበው የታወቀ /96 ፕሪፊክስ የግል አድራሻን እንዲወክል አልተፈቀደም። የሂሳብ ሶፍትዌርህ 10.20.5.9 ላይ ተቀምጦ ከሆነ አይፒቪ6 ብቻ ያለው ስልክ በዚያ ፕሪፊክስ አይደርስበትም፤ ደንቡን የሚያከብር ናት64 ፓኬቱን ይጥለዋል። ስህተቱ መሠሪ የሚሆነው የውጭው ሁሉ ሠርቶ የውስጡ ብቻ እምቢ ስለሚል ነው። ከራስህ /56 ውስጥ አንድ /64 ለይተህ፣ ከሱ ላይ /96 ቆርጠህ የናት64 ፕሪፊክስ አድርገው። የመጨረሻዎቹ 32 ቢቶች አይፒቪ4ውን ይይዛሉ።

ፖርትም ቁጠር። አንድ የአይፒቪ4 አድራሻ ለቲሲፒ 64 ሺህ ገደማ ለዩዲፒም ያንኑ ያህል ፖርት አለው። 400 መሣሪያ እያንዳንዱ 150 ግንኙነት በአንድ ጊዜ ቢከፍት 60,000 ነው፤ ዳር ላይ ነህ። የዩዲፒ ማቆያ (ሥራ ፈት ግንኙነት ፖርቱን ይዞ የሚቆይበት ጊዜ) ብዙ ጊዜ 5 ደቂቃ ነው፤ ወደ 2 ደቂቃ ማውረድ ይፈቀዳል፣ ከዚያ በታች አትሂድ። የቲሲፒውን 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ባትነካው ይሻላል፤ ብታሳጥረው ሥራ ፈትተው የሚቆዩ ግንኙነቶች በዝምታ ይበጠሳሉ።

ቢት_በቢት፦

አንድ ልጨምር፣ ኔትወርኩ ላይ ሳይሆን ሶፍትዌሩ ላይ። የተጠቃሚ አድራሻ የሚያስቀምጠው የዳታቤዝ ዓምድ 15 ፊደል ከሆነ አይፒቪ6ን ወይ ይቆርጠዋል ወይ ስህተት ይወረውራል። በጽሑፍ ከሆነ 45 አድርገው፣ ከተቻለ በ16 ባይት ቁጥርነት አስቀምጠው። ያው አድራሻ በአጭርም በረጅምም ስለሚጻፍ በጽሑፍ ማወዳደር ያሳስታል። አድራሻና ፖርትን በሁለት ነጥብ ላይ የሚሰነጥቅ ኮድም ይወድቃል፤ አድራሻው ራሱ በሁለት ነጥብ የተሞላ ነው። አጥቂን የሚያግድ ደንብ ካለ በነጠላ አድራሻ ሳይሆን በ/64 ይሁን፤ አለበለዚያ አጥቂው ሳይደክመው አድራሻ እየቀያየረ ይመላለሳል።

የኳድ-ኤ ሪከርድን (የስሙን የአይፒቪ6 አድራሻ የሚይዘውን) ዲኤንኤስ ውስጥ የምታስገባው በመጨረሻ ነው፦ አገልግሎቱ በአይፒቪ6 እየሰማ፣ ፋየርዎሉ ተከፍቶ፣ ከውጭ ተሞክሮ ካለቀ በኋላ። ሪከርዱ ሲገባ ዕድሜውን 300 ሰከንድ አድርገው፣ ችግር ቢመጣ ቶሎ እንድታወጣው።

ውስጥ ላይ ዩኤልኤ (የአይፒቪ6 የውስጥ አድራሻ) እንጠቀም ብላችሁ ካሰባችሁ ደግሞ፦ በአርኤፍሲ 6724 ሠንጠረዥ ዩኤልኤ ቅድሚያው 3፣ አይፒቪ4 ደግሞ 35 ነው። ትልቁ ቁጥር ስለሚቀድም ሁለቱም ያለው ኮምፒውተር አይፒቪ4ን ይመርጣል። ሰርቨሩን በዩኤልኤ አስመዝግባችሁ «ለምን ማንም በአይፒቪ6 አይመጣም» ብላችሁ እንዳትደናገሩ።

መረብ_ጠባቂ፦

ፓኬት_ቆጣሪ፣ እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። ከቪላን 40 በ1444 መልስ ይመጣል፣ በ1445 ዝም። ፋየርዎሉ ላይ ሆኜ ስሞክር ግን «ኤምቲዩ 1492» የሚለው መልእክት ይደርሳል። ሎጉ ላይ ዓይነት 2 በነባሪው ደንብ እየተጣለ ነው። ኮር ስዊቹም ስኑፒንግ በርቶ ኩዌሪየር የለውም፤ አሁን ከፍቼዋለሁ።

ሁለት የቀሩኝ፦ የ/56 አከፋፈሉን እንዴት ላድርገው? 108 ላይስ ስንት ሰከንድ ልጻፍ?

ፓኬት_ቆጣሪ፦

አሜን። /56 ማለት 256 ባለ /64 ኔትወርክ ነው፤ የአንተ የሆኑት የአድራሻው አራተኛ ክፍል የመጨረሻ ሁለት አሃዞች ናቸው። ቪላን 40ን 40፣ ቪላን 12ን 12 ብለህ እንደሚነበበው ጻፈው፤ ወደ አሥራ ስድስት ቤት አትቀይረው፣ ሎግ ስታነብ ትመርቀኛለህ። ቪላን ቁጥሩ ከ99 ካለፈ ግን አይገባም፤ ያኔ አቅራቢውን /48 ጠይቅ። ከዚያ በፊት ግን ፕሪፊክሱ ቋሚ መሆኑን በጽሑፍ አረጋግጥ። መስመሩ ተቋርጦ ሲመለስ የሚቀየር ከሆነ መሣሪያዎቹ አሮጌውን ይዘው ይቆዩና ልክ እንደ ኤምቲዩው ያለ መንጠልጠል ታያለህ።

ስዊቾቹ ላይ አርኤ ጋርድንም (የሐሰት ራውተር ማስታወቂያን የሚያግደውን) ዛሬውኑ ክፈት፣ አይፒቪ6 ያልተከፈተባቸው 11 ቪላኖች ላይ ጭምር። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ አይፒቪ6ን አብርቶ ነው የሚመጣው፤ ኢንተርኔት ማጋራት የከፈተ አንድ ላፕቶፕ ራሱን ራውተር አድርጎ ካወጀ ጎረቤቶቹ ያምኑታል።

ሁለተኛው_ሆፕ፦

108 ላይ በ300 ጀምር፤ ከዚያ ያነሰ ብትጽፍም መሣሪያው 300 አድርጎ ነው የሚቆጥረው። ሁለት ሳምንት ካለ ቅሬታ ካለፈ ወደ 1800፣ ከዚያም ወደ 86400 ከፍ አድርገው። ትንሽ ቁጥር የምንይዘው ለመመለስ እንዲመች ነው፦ አማራጩን ከዲኤችሲፒው ብታወጣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሁሉም አይፒቪ4 ጠይቆ ይወስዳል። 86400 ላይ ሆነህ ናት64ው ቢወድቅ ግን ሰዉ ስልኩን ከዋይፋይ አውጥቶ እስኪመልስ ወይም ቀኑ እስኪያልቅ ትጠብቃለህ። የዲኤችሲፒውን የአድራሻ ክምችትም ወዲያው አታሳንሰው፤ ያኔ ሁሉም በአንዴ ነው የሚመጣው።